ቆርቆሮው ላይ ያለው ዚንክ

እኛ አገር «ብረት» ከተባለ መጀመሪያ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ጠመንጃ ነው። ጋይንት ውስጥ «እከሌ ብረት ገዛ» ሲባል ማንም «ለምን ሥራ?» ብሎ አይጠይቅም። ቀጥሎ ማረሻ ይመጣል፣ ከዚያ ቆርቆሮ። የሣር ክዳኑን አውርዶ ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው «አለፈለት» ይባላል። ሰው ራሱ ሰውነቱ ውስጥ ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝ እንዳለው ትምህርት ቤት ሰምተን አልፈነዋል። እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፣ እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ባዮሎጂን ከ12ኛ ክፍል ፈተና ማግስት ጀምሮ ዞር ብዬ አላየሁትም ነበር።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በሌላ በር ነው። ብሮውዘር ላይ የሚሽከረከር ባለ ሦስት አውታር ምስል መሥራት እየተለማመድኩ ነበር፤ ለመለማመጃ የሚሆን ብዙ ነጥብ ያለው ነፃ ዳታ ስፈልግ ፕሮቲን ዳታ ባንክ የሚባለውን አገኘሁ። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይንቲስቶች የፕሮቲኖችን ቅርጽ፣ የእያንዳንዷን አቶም አድራሻ ጭምር፣ የሚያስቀምጡበት ማኅደር ነው። ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም። አንድ ፋይል አወረድኩ፦ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ፣ የሰው፣ ከቀይ የደም ሴል። ለካርቦን አንድ ቀለም፣ ለኦክስጅን ሌላ ቀለም እየሰጠሁ ስስለው፣ ከሁለት ሺህ ገደማ አቶም መሀል አንዲት ብቻዋን የተቀመጠች ግራጫ ኳስ ወጣች። ዚንክ። አንድ ፍሬ።

ያቺ አንድ ፍሬ ሥራዋ ምን እንደሆነ ሳነብ አመሸሁ። ዚንኳን ከሦስት በኩል ሂስቲዲን የሚባሉ የፕሮቲኑ ክፍሎች ይይዟታል፤ በአራተኛው በኩል የውሃ ሞለኪዩል ትቀመጣለች። ዚንክ ውሃዋን ታላላታለች፣ ሃይድሮጅኗን እንድትለቅ ታደርጋታለች፤ የተረፈው ቁራጭ የሚያልፈውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና በደም ውስጥ በቀላሉ ወደሚሟሟ ነገር ይለውጠዋል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋገማል። እኔ አንድ ሰርቨር በሴኮንድ አሥር ሺህ ጥያቄ እንዲመልስ ስንት ሌሊት እንደማድር የሚያውቅ ያውቃል። ዚንኳን ካወጣችሁት ፕሮቲኑ ቅርጹ ብዙም አይለወጥም፤ ሥራው ግን ይቆማል። ይህን ኬይሊን እና ማን የሚባሉ ሰዎች በ1940 እ.ኤ.አ. ኬምብሪጅ ላይ ነው ያወቁት፤ ዚንክ ያለው ኢንዛይም ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ መተው አልቻልኩም። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል መሀሉ ላይ ማግኒዚየም አለ። ቫይታሚን ቢ12 ልቡ ላይ ኮባልት አለ። ሄሞግሎቢን አራት የብረት አቶም ይዟል፣ ኦክስጅን የሚንጠለጠለው እነሱ ላይ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሮን ክሉግ ቡድን በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ሲያጠና፣ ዲኤንኤን እንደ ጣት እየዳሰሱ የሚያነቡ ትንንሽ እጥፋቶች እንዳሉትና እያንዳንዱን እጥፋት ሳይፈታ የሚይዘው ዚንክ እንደሆነ አሳዩ። ዛሬ ከሰው ፕሮቲኖች አሥር በመቶ የሚሆኑት ዚንክ ያዥ እንደሆኑ ይገመታል። ጠቅላላ በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ዚንክ ግን ከ2 እስከ 3 ግራም ነው። ከአንዲት ትንሽ ምስማር አይበልጥም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ አገሬ ልመለስ። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ፣ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ሰዎች ፕሮግራም፣ ሁለተኛው ስሪቱ ስለ ብረታ ብረት ምንም አይሰጥም ነበር፤ የሚያወጣው ፕሮቲኑን ብቻ ነው። ግን የዚንክ ፕሮቲን ስትሰጡት ብዙ ጊዜ እነዚያን ሂስቲዲኖች ልክ ዚንክ መሀላቸው እንዳለ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። መሀሉ ባዶ ነው፤ ባዶነቱ ግን የዚንክ ልክ ነው። ስክሪኑ ላይ ያንን ባዶ ቦታ እያየሁ እያለ ነው እናቴ የደወለችው።

የደወለችው ኔትወርክ ስለተገኘ ነው፤ በዚህ ሰሞን እኛ ዘንድ ይህም ራሱ ዜና ነው። የላይ ጋይንት ሰው ነን፤ ታላቅ እህቴ ያገባችው ስማዳ ነው። የእህቴ ልጅ፣ ሚጣ የምንላት፣ አራት ዓመት ሞልቷታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለክታ 91 ሳንቲ ሜትር ብላ ጽፋላታለች። እናቴ ይህን የነገረችኝ ለወሬ ያህል ነው፣ ከበግ ዋጋና ከማን ለቅሶ መሀል። «አጥንቷ ወደ አባቷ ሄደ እንጂ ደህና ናት። ትሮጣለች፣ ትበላለች» አለች። እኔ ግን ቁጥር ስሰማ ሠንጠረዥ መክፈት ሙያዬ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ አራት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አማካይ ቁመቷ 102.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከ94.1 በታች ከሆነች መቀንጨር ይባላል።

«ትሮጣለች፣ ትበላለች» የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ምክንያቱም የዚንክ እጥረት ማለት ልክ እሱ ነው።

ብረት ሲጎድል ምልክት አለው። ዓይን ይነጣል፣ ሰው ዳገት ላይ ይደክማል፣ ደም ሲለካ ቁጥሩ ይወርዳል። በእኛ ቋንቋ ብናገረው ሎግ ላይ ስህተቱን ይጽፋል። ሰውነት ብረትን የሚያጠራቅምበት ጎተራም አለው። ለዚንክ ግን ይህ ነው የሚባል ጎተራ የለም። ሲጎድል ሰውነት የሚያደርገው ነገር ቢኖር ማደጉን መቀነስ ነው፤ አዲስ ሴል ለመሥራት ዲኤንኤ መነበብ፣ መቀዳት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ዚንክ ያዥ ፕሮቲኖች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ያለውን ዚንክ ላሉት ሴሎች ያብቃቃል፣ ቁመት ይጠብቃል። ልጁ አይታመምም፤ ወይም በተቅማጥና በሳል ከሌላው ትንሽ ቶሎ ቶሎ ይታመማል። ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ስህተት አይጽፍም፤ ብቻ ቀስ ይላል። ሰፈሩ በሙሉ ቀስ ያለ እንደሆነ ደግሞ ማን ከማን ያነጻጽራል?

ሰዎች ይህን ያወቁት በጣም ዘግይተው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አናንዳ ፕራሳድ የሚባል ሐኪም ኢራን ሺራዝ ላይ አንድ የ21 ዓመት ወጣት አመጡለት፤ ሲታይ የ10 ዓመት ልጅ ይመስላል። ምግቡ እርሾ የሌለው ቂጣ ነው ማለት ይቻላል፣ አፈርም ይበላ ነበር። ደሙ ያነሰው በብረት እጥረት ነው፣ እሺ። ማጠሩስ? ፕራሳድ በኋላ ግብፅ ሄዶ ተመሳሳይ ልጆችን ሲመረምር ዚንካቸው ዝቅተኛ ሆኖ አገኘው፤ ዚንክ ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ በአንድ ዓመት ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ አደጉ። ይህ እስኪሆን ድረስ ዚንክ ለሰው ልጅ እንደሚያስፈልግ፣ ሊጎድልም እንደሚችል፣ አብዛኛው ሐኪም አያምንም ነበር።

የኛን አገር ሙከራ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. መላኩ ኡመታና ባልደረቦቹ ላንሴት ላይ አወጡት። አርሲ፣ ዶዶታ ሲሬ፤ 200 ሕፃናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ወር፣ ግማሾቹ የቀነጨሩ። ለአንዱ ወገን በቀን 10 ሚሊ ግራም ዚንክ፣ ለሌላው ዚንክ የሌለው ማስመሰያ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለስድስት ወር። ከቀነጨሩት መሀል ዚንክ ያገኙት በአማካይ 7 ሳንቲ ሜትር አደጉ። ማስመሰያ ያገኙት 2.8። እውነቱን ለመናገር በኋላ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ሙከራዎች ያሳዩት ጭማሪ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ቁመት በዚንክ ብቻ አይሠራም፣ ንጹሕ ውሃ አለ፣ የእናት ጤና አለ፣ የሚበላው ነገር ራሱ አለ። ሆኖም ዶዶታ ሲሬ ላይ የሆነው ሆኗል።

እና በ2015 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው አገር አቀፍ የማይክሮ ንጥረ ነገር ጥናት ደም ተተንትኖ ሲወጣ፣ ከተመረመሩት 72 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የዚንክ እጥረት ነበረባቸው። ከአሥር ሰባት። በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረዋል፣ በአገሪቱ ካሉት ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። እንግዲህ «አጥንቷ ወደ አባቷ ሄደ» የሚለውን ለግማሽ ክልል ማለት ይቻላል?

እዚህ ላይ «እኛ እኮ ጤፍ በሊታ ነን፣ ጤፍ ብረት አለው» የሚል አይጠፋም። አለው። ግን ከአርባ ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነገር አለ፦ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ የሚቀላቀለው አፈር ነው የጤፍን ብረት ቁጥር በጣም ከፍ የሚያደርገው። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በዝገት ነው። ላቦራቶሪ ያንን ብረት ይቆጥረዋል፤ አንጀት ግን አብዛኛውን አይቀበለውም። አለ ማለት ገባ ማለት አይደለም።

በብረት በኩል እኛ ደገኞች የምንኮራበት ነገር አለን፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጉና ተራራ ከራሳችን በላይ ከ4,000 ያልፋል። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው በሄሞግሎቢን ይወፍራል። ሲንቲያ ቢል የምትባል አንትሮፖሎጂስት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክታ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ግን ሌላ ነው፦ ወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ ቆላ እንዳለ ሰው ማለት ነው፤ የደማቸው ኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ። ብዙ ብረት ሳያፈሱ በቂ ኦክስጅን መያዝ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እህሳ! ድሮስ ዳገት ማን ይችለናል» አለችኝ።

ዚንክ ላይ ግን ደጋነታችን አልረዳንም። ቆላው ታች ጋይንትና ስማዳ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል፣ እኛ ላይኛዎቹ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንች። ቆሎ፣ በሶ፣ ቂጣ፣ ገንፎ። እህል ዚንኩን የሚይዘው ፋይቴት ከሚባል ነገር ጋር ነው፤ ፋይቴት ለዘሩ የፎስፈረስ ስንቅ ነው፣ ለእኛ ግን አንጀት ውስጥ ዚንኩንና ብረቱን ጨምድዶ ይዞ ይወጣል። እርሾ ይህንን ይፈታል። ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ፣ ሲኮመጥጥ፣ ከእህሉና ከተዋህስያኑ የሚወጣ ኢንዛይም ፋይቴቱን ይሰባብረዋል፣ ብረታ ብረቱ ይለቀቃል። ለዚህ ነው የሺራዙ ልጅ ቂጣ ትኩረቴን የሳበው፤ እርሾ የለውም። በሶም እርሾ የለውም። የሕፃን ገንፎም የለውም።

እህሉ ራሱም እኩል አይደለም። ዳውድ ጋሹ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከብዙ አገር ባልደረቦቹ ጋር በ2021 እ.ኤ.አ. ኔቸር ላይ ያወጣው ጥናት ከኢትዮጵያና ከማላዊ ማሳዎች ከ3,000 በላይ የእህል ናሙና ሰብስቦ ካልሲየም፣ ብረት፣ ሴሊኒየምና ዚንክ ለካ። አማራ ክልል ከተሰበሰበባቸው አንዱ ነው። ያው ጤፍ፣ ያው ስንዴ፣ ከቦታ ቦታ የያዘው ዚንክ ይለያያል፤ እንደ አፈሩ ነው። ከተማ ያለ ሰው ከየአገሩ የመጣ እህል ስለሚበላ ጉድለቱ ይካካስለታል። የገዛ ማሳውን ብቻ የሚበላ ገበሬ ግን የገዛ አፈሩ ነው የሚደርሰው። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ዚንክ ላይኖር ይችላል።

መንግሥትም ዝም አላለም። የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት በንጥረ ነገር እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። ደግ ነው፤ ግን እህቴ የፋብሪካ ዱቄት ገዝታ አታውቅም፣ እህሏን ወፍጮ ቤት ተሸክማ ሄዳ ነው የምታስፈጨው።

የእስቴ ልጅ የሆነ ነርስ ጓደኛ አለኝ፣ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን። ደወልኩለት። «ሚጣን ማስመርመር ይቻላል?» ስለው ሳቀ። «ወንድሜ፣ እዚህ ሄሞግሎቢን መለኪያ ከተገኘም ተመስገን ነው» አለኝ። ቀጥሎ ያለው ነው የቆረጠኝ፦ የደም ዚንክ ቢለካ እንኳ ለአንድ ልጅ ብዙ አይናገርም፤ ልጁ ጉንፋን ከያዘው ይወርዳል፣ ጠዋትና ከሰዓት ይለያያል። የሕዝብን ነገር ለማወቅ ይጠቅማል፣ የሚጣን ነገር ለማወቅ ግን ያስቸግራል። 72 በመቶ የሚለውን ቁጥር አውቃለሁ፣ ልጅቷ ከሰባቱ ትሁን ከሦስቱ ማወቂያ የለኝም። ዚንክ ክኒንስ? ጤና ኬላው አለው፣ ለተቅማጥ ከኦአርኤስ ጋር ይሰጣል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ ምክር ነው። እህቴም ታስታውሳለች፦ «ያ በማንኪያ ውሃ ላይ የሚሟሟው!» ተቅማጡ ሲያበቃ ክኒኑም ያበቃል።

ከዚያ ነርሱ «ለመሆኑ ታናሽየው ስንት ወሩ ነው?» አለኝ። ሰባት። «እንግዲያ ስለ ሚጣ ማሰብህን ሳትተው፣ ስለ እሱ ቶሎ አስብ» አለ። ቁመት አብዛኛውን የሚያጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ትንሽ ነው። ሰባት ወር፣ ልክ የዶዶታ ሲሬዎቹ ሕፃናት ዕድሜ። ገንፎ የጀመረው በዚያው ወር ነው፣ የገብስ ገንፎ፣ እርሾ የሌለው።

ስለዚህ እንደ ገና ደወልኩ፣ ለእናቴ፣ ምክንያቱም በእኛ ቤት ምግብን የሚመለከት ነገር በእሷ በኩል ካላለፈ አይሆንም። ገብሱ ቢበቅል፣ ማለትም ተነክሮ ብቅል ሆኖ ደርቆ ቢፈጭና ከገንፎው ዱቄት ጋር ቢቀላቀል፣ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ገንፎውም ስለሚቀጥን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ ብዙ ይበላለታል። ይህን አስረዳኋት። ዝም አለች። «ብቅል?» አለች። «ለሕፃን? ጠላ ልትጠምቅበት ነው አንተ?»

ስቃ ስትጨርስ ግን ሰማችኝ። ብቅልን ከኔ በላይ ታውቀዋለች፤ በስንት ቀን እንደሚያጎነቁል፣ ሲሻግት እንዴት እንደሚሸት። እኔ ያቀበልኳት ምክንያቱን ብቻ ነው። «ሳይሻግት ከሆነ ይሁን» አለች።

እንቁላሉ ነው የከበደው። ለዚንክም ለሌላውም ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ የሚያህል የለም፤ ፋይቴት የለበትም። እህቴ ስድስት ዶሮ አላት። እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፤ ቡና፣ ጨው፣ በርበሬ፣ የደብተር ዋጋ እሱ ነው። በዚያ ላይ ጾም አለ። ሕፃን እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል፣ ቄሱም ይናገራሉ። ግን ቤቱ ሲጾም ለአንድ ሕፃን ብሎ እንቁላል የሚቀቅል ድስት የለም፤ ዕቃው ይነካካል፣ ባልቴቶቹ ያያሉ። ስለዚህ ሳይጾም ይጾማል። እናቴ ራሷ ናት ያነሳችው፣ እኔ ደፍሬ አልነበረም። «የሱን ዕቃ ለይታ ትያዝ» አለች። «ትንሽ ድስት ላክ። የሱ ብቻ የምትሆን።»

ላክሁ። በመነኻሪያ፣ በአውቶቡስ፣ ሁለት ቀን ፈጅቶ ነፋስ መውጫ ደረሰ፣ ከዚያ በሰው እጅ ስማዳ። ለእንቁላሉም በየወሩ ትንሽ ብር እልካለሁ፣ እንቁላሉ ገበያ ባይወጣ ጨውና ቡናው እንዳይቋረጥ። እህቴ ነገሩን ሁሉ የተቀበለችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ሚጣም ታገኛለች። ለአንዱ ልጅ ሰጥቶ ሌላዋን ማስቆም አልችልም አለች። ልክ ናት።

ባለፈው ሲደውሉ ዝናብ ነበር፤ የእህቴ ድምፅ ከቆርቆሮው ጩኸት በታች ነበር የሚሰማው። ቆርቆሮን እንዳይዝግ የሚያደርገው የተለበጠበት ዚንክ ነው። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አንድ ሙሉ ቤት የሸፈነ ዚንክ በዝናብ ሲደበደብ አዳምጣለሁ፤ እሷ ከሥሩ ሆና ሕፃኑ ገንፎውን እንደ ወደደው ትነግረኛለች። ልኬቱን ጠየቅኳት። የጤና ኤክስቴንሽኗ መንገድ ተዘግቶ አልመጣችም፣ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች ተብሏል። «በበሩ መቃን ላይ በከሰል ምልክት አድርጌያለሁ፣ የሁለቱንም» አለችኝ። «ሕፃኑን እንዴት አቆምሽው?» ስላት፦ «አስተኝቼ በክር ለካሁት፣ ክሩን መቃኑ ላይ ዘረጋሁት።»